ስልክዎ ኪሎ ሜትሩን በትክክል እንዲይዝ፦ ለሯጮች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

ጎን ለጎን ሮጠው የጨረሱ ሁለት ጓደኛሞች ስልካቸውን ሲያወዳድሩ የአንዱ 8.1 ኪሎ ሜትር፣ የሌላው 8.9 ሊል ይችላል። ይህን ያየ ሰው ብዙ ጊዜ «አፑ ይዋሻል» ብሎ ይተወዋል። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የአፑ አይደለም። ከሩጫው በፊት ያልተነኩ ሁለት ሦስት ሴቲንጎች፣ ስልኩ የተያዘበት ቦታ፣ ሳተላይት ሳይያዝ የተነካ የ«ስታርት» ቁልፍ፤ ችግሩ ያለው እነዚህ ላይ ነው። እነሱ ከተስተካከሉ፣ የትኛው ቁጥር እንደሚታመንና የትኛው እንደሚታለፍም ከታወቀ፣ ኪስዎ ውስጥ ያለው ተራ ስልክ ለልምምድ ይበቃል። ውድ የሩጫ ሰዓት እስኪገዙ መጠበቅ አያስፈልግም።

አንድ አፕ ይምረጡና በእሱ ይጽኑ

በሯጮች ዘንድ በሰፊው የሚታወቀው ስትራቫ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የተጀመረ ነው። ሩጫ መመዝገብ፣ የሮጡበትን ካርታ ማየትና ከጓደኞች ጋር መከታተል በነፃ ይቻላል። መጀመሪያ ሲከፍቱት የክፍያ ደንበኝነትን ለሙከራ እንዲወስዱ ይጠይቅዎታል። ሙከራው የባንክ ካርድ ይፈልጋል፤ ጊዜው ሲያልቅ ካልሰረዙት ሂሳቡን በራሱ ይቆርጣል። ለመመዝገብ ብቻ ከሆነ አያስፈልግዎትም፣ «ስኪፕ» የሚለውን ወይም ጥግ ላይ ያለችውን የኤክስ ምልክት ነክተው ይለፉ።

ናይክ ረን ክለብ በጆሮ የሚያሠለጥኑ ነፃ የድምፅ ልምምዶች አሉት፤ እንግሊዝኛ ለማይከብደው ጀማሪ ጥሩ ነው። አዲዳስ ረኒንግ ቀድሞ ራንታስቲክ ይባል የነበረው የኦስትሪያ አፕ ነው። ብዙም የማይነገርለት ግን ሊነገርለት የሚገባው ኦፕንትራክስ ነው፤ አካውንት አይከፈትበትም፣ ኢንተርኔት አይጠይቅም፣ የሮጡበት መረጃ እርስዎ ራስዎ ካላወጡት በቀር ከስልክዎ አይወጣም። የሚሠራው አንድሮይድ ላይ ብቻ ነው።

ከጓደኞችዎ ጋር መበረታታት ከፈለጉ ስትራቫን፣ የት እንደሚሮጡ ማንም እንዲያውቅ ካልፈለጉ ኦፕንትራክስን ይውሰዱ። ሁለት አፕ በአንድ ላይ ማስኬድ ባትሪ ከመጨረሱም ሌላ አንዱ ከሌላው ጋር ተገናኝቶ ከሆነ አንድ ሩጫ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። በየወሩ አፕ መቀያየር ደግሞ ከዚህ ይብሳል፤ የምዝገባ ጥቅሙ የሚታየው ወራት ሲጠራቀሙ ነውና። ከዚህ በታች ያለው በስትራቫ ምሳሌነት የቀረበ ነው፤ የስልኩን ሴቲንግ የሚመለከተው ክፍል ግን ለሁሉም አፖች ይሠራል።

ዳታ ሳይኖር ይሠራል?

ይሠራል። ስልኩ ያለበትን ቦታ የሚያውቀው ወደ 20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ከሚዞሩ የጂፒኤስ ሳተላይቶች የሚመጣ ምልክት ተቀብሎ ነው። ምልክቱ በነፃ ወደ መሬት ይወርዳል፣ ስልኩ ወደ ላይ የሚልከው ነገር የለም። ቢያንስ አራት ሳተላይት ካገኘ ቦታውን ያሰላል። ካርታው ባዶ ግራጫ ሆኖ ቢታይዎት አይደንግጡ፤ የጠፋው የካርታው ሥዕል ነው እንጂ መስመርዎ እየተመዘገበ ነው። ቤት ገብተው ዋይፋይ ሲያገኙ ሩጫው በራሱ ይጫናል።

ዳታ የሚያግዘው መነሻው ላይ ነው። እያንዳንዱ ሳተላይት የት እንዳለ የሚናገረውን መረጃ ራሱ ያሰራጫል፤ ስልኩ ይህን ከሳተላይቱ በቀጥታ ለመቀበል ምልክቱ ሳይቆራረጥ 30 ሴኮንድ ገደማ ይፈልጋል። ሕንፃ ወይም ዛፍ ከከለለው እንደገና ስለሚጀምር ብዙ ደቂቃ ሊቆይ ይችላል። በኢንተርኔት ከሆነ ግን ያንኑ መረጃ በጥቂት ሴኮንድ ያወርዳል። መረጃው ለአራት ሰዓት ያህል ያገለግላል። ስለዚህ ዳታ ለመቆጠብ የሚፈልግ ሰው ከቤት ሳይወጣ በዋይፋይ የስልኩን ካርታ ለአንድ ደቂቃ ከፍቶ ሰማያዊዋ ነጥብ ቦታዋን እስክትይዝ ቢጠብቅ፣ ከዚያ ዳታውን አጥፍቶ ቢወጣ ሜዳው ላይ ቆሞ አይቀርም።

ክፍት ሰማይ ሥር ያለ ስልክ በ5 ሜትር ዙሪያ ውስጥ ይስታል። ረጃጅም ሕንፃ አጠገብ ምልክቱ ከግድግዳ እየነጠረ ስለሚደርስ ስህተቱ በብዙ ይጨምራል። እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ ሁለት ዓይነት ፍሪኩዌንሲ የሚቀበሉ ስልኮች መጥተዋል፤ እነሱ ከተማ ውስጥ የተሻሉ ናቸው። የእርስዎ ከእነዚህ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ጂፒኤስቴስት የሚባለውን ነፃ አፕ ጭነው ውጭ ይቆሙ፤ ከሳተላይቶቹ ዝርዝር ውስጥ «ኤል 5» የሚል ካዩ ስልክዎ ሁለቱንም ይቀበላል።

ከሩጫ በፊት አንድ ጊዜ የሚስተካከሉ

የመጀመሪያው የሎኬሽን ፈቃድ ነው። ሴቲንግ፣ አፕስ፣ ስትራቫ፣ ፐርሚሽን፣ ሎኬሽን ብለው ይግቡና «አፑን ስጠቀም ፍቀድ» የሚለውን ይምረጡ። እዚያው ሥር «ፕሪሳይስ ሎኬሽን» የሚል ማብሪያ አለ፤ አንድሮይድ 12ና ከዚያ በኋላ ባሉት፣ በአይፎንም እንዲሁ። እሱ ከጠፋ አፑ የሚያውቀው ሠፈርዎን እንጂ የቆሙበትን መንገድ አይደለም። መስመሩ እዚህና እዚያ እየዘለለ የወጣበት ሰው መጀመሪያ ማየት ያለበት ይህንን ነው።

ሁለተኛው ባትሪ ነው፤ በእኛ አገር በብዛት በሚሸጡት ስልኮች ላይ ሩጫ የሚያበላሸው ዋናው ነገርም ይኸው ስለሆነ ጊዜ ሰጥተው ያስተካክሉት። አንድሮይድ ባትሪ ለመቆጠብ ስክሪኑ ሲጠፋ ከበስተጀርባ የሚሠሩ አፖችን ያስተኛል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ሰዓቱ 48 ደቂቃ ይላል፣ ርቀቱ ግን 2.3 ኪሎ ሜትር ላይ ቆሟል፤ ወይም ካርታው ላይ ከቦሌ እስከ መስቀል አደባባይ በቤት ጣሪያ ላይ ያለፈ የሚመስል ቀጥ ያለ መስመር ተሰምሯል። ስልኩ መሃል ላይ አፑን አስተኝቶት፣ ስክሪኑን ሲያበሩ ነቅቶ፣ የመጨረሻዋን ነጥብ ከአዲሷ ጋር በማስመሪያ አገናኝቷል ማለት ነው። መንገዱ ጠመዝማዛ ከነበረ ኪሎ ሜትር ይበላዎታል።

መፍትሔው እንደ ስልኩ ይለያያል። በአብዛኛው አንድሮይድ ሴቲንግ፣ አፕስ፣ ስትራቫ፣ ባትሪ ገብተው «አንሪስትሪክትድ» ይላሉ። ሳምሰንግ ላይ ከዚህ በተጨማሪ ባትሪ ሥር «ባክግራውንድ ዩሴጅ ሊሚትስ» ውስጥ አፑን ፈጽሞ ከማይተኙት ዝርዝር ያስገቡ። ቴክኖና ኢንፊኒክስ «ፎን ማስተር» ከሚባል አፕ ጋር ነው የሚመጡት፤ እሱን ከፍተው አውቶ ስታርት ላይ ስትራቫን ይፍቀዱ፣ «ክሊን» የምትለዋንም ቁልፍ ሩጫ ላይ እያሉ አይንኩ። ሬድሚ ላይ የአፑን የባትሪ ሴቲንግ «ኖ ሪስትሪክሽን» ያድርጉ፣ አውቶ ስታርቱንም ያብሩ። በብዙዎቹ ላይ የተከፈቱ አፖች ዝርዝር ውስጥ ስትራቫን ጫን አድርገው ይዘው የቁልፍ ምልክቱን መንካት ሌላ ዋስትና ነው። የስልኩ አጠቃላይ ባትሪ መቆጠቢያ ግን ሩጫ ላይ መጥፋት አለበት፤ በአንዳንድ ስልክ ስክሪኑ ሲጠፋ ጂፒኤሱንም አብሮ ያጠፋል። ለዚህ ሲባል ከቤት ሲወጡ ባትሪው ከ40 በመቶ በታች ባይሆን ይመረጣል።

የስልኩ ሶፍትዌር ራሱን ካሻሻለ በኋላ እነዚህ ሴቲንጎች ወደ ነበሩበት ሊመለሱ ይችላሉ። ወራት በደህና ሲሠራ የነበረ አፕ ድንገት መቆራረጥ ከጀመረ እዚህ ተመልሰው ይዩ።

ቀሪዎቹ ቀላል ናቸው። መለኪያውን ከማይል ወደ ኪሎ ሜትር ይቀይሩ፤ አንድ ማይል 1.609 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ሳያዩት ከሮጡ ፔሱ (አንድ ኪሎ ሜትር ለመሮጥ የፈጀብዎት ደቂቃ) ግራ ያጋባዎታል። በየኪሎ ሜትሩ ድምፅ እንዲያሰማ «ኦዲዮ ኪው» የሚለውን ያብሩ፤ ስልክ እያወጡ ከማየት ያድናል።

«ኦቶ ፖዝ» የሚባለው፣ ሲቆሙ ሰዓቱን በራሱ የሚያቆመው፣ ግን መታሰብ አለበት። መብራትና መኪና በሚያስቆምዎ የከተማ መንገድ ላይ ይጠቅማል። ዳገት ላይ በጣም ቀስ ሲሉ ግን የቆሙ መስሎት ሰዓቱን ይይዘዋል፣ ልፋትዎን ሳይቆጥር ይቀራል። እንጦጦ ለሚወጣ ወይም አጫጭር ፈጣን ዙሮችን ከዕረፍት ጋር ለሚሠራ ሰው ጠፍቶ ቢቆይ ይሻላል።

ቤትዎን ይደብቁ

ይህንን ክፍል አይዝለሉት። ስትራቫ የተጠቃሚዎቹን መስመር ሁሉ ሰብስቦ ያወጣው የዓለም ካርታ እ.ኤ.አ. በጥር 2018 መነጋገሪያ የሆነው ወታደሮች በየጦር ሠፈራቸው ዙሪያ የሮጡት ሩጫ የሠፈሮቹን ቅርጽ ስላወጣው ነበር። በእርስዎ ላይ ያለው አደጋ ከዚያ ያነሰ ቢመስልም መሠረቱ አንድ ነው፦ በየቀኑ ከአንድ በር ተነስቶ እዚያው በር ላይ የሚያልቅ መስመር ቤትዎን ያሳያል፣ ሰዓቱ ደግሞ መቼ ከቤት እንደሚወጡ ይናገራል።

ሴቲንግ ውስጥ «ፕራይቬሲ ኮንትሮልስ»፣ ቀጥሎ «ማፕ ቪዚቢሊቲ» ይግቡ። የሩጫውን መነሻና መድረሻ ከ200 ሜትር እስከ 1.6 ኪሎ ሜትር ድረስ መደበቅ ይቻላል። ሠፈሩ ሰው የበዛበት ከሆነ 400 ሜትር ይበቃል፤ ቤቱ ብቻውን ያለ ወይም መንገዱ አንድ ብቻ ከሆነ ከፍ ያድርጉት። ከዚያ «አክቲቪቲስ» የሚለውን ከ«ኤቭሪዋን» ወደ «ፎሎወርስ» ይቀይሩ፣ ተከታይም ሲጠይቅ እርስዎ ሳይፈቅዱ እንዳይገባ ያድርጉ። በተለይ ማለዳ ብቻቸውን የሚሮጡ እህቶች ይህን ሳያደርጉ አንድም ሩጫ ባይጭኑ ጥሩ ነው። መደበቁ ርቀትዎንም ሆነ ሰዓትዎን አይቀንስም፤ ሌላው ሰው የሚያየው መስመር ብቻ ያጥራል።

መነሻው ላይ

1. ሜዳው ወይም መንገዱ ላይ ከደረሱ በኋላ አፑን ከፍተው «ሪከርድ» ይበሉ። ከሥር የሚታየው የስፖርት ምልክት ሩጫ መሆኑን ይዩ፤ ብስክሌት ሆኖ ከቀረ በፔስ ፋንታ በሰዓት ኪሎ ሜትር ያሳይዎታል።
2. ከዛፍና ከሕንፃ ራቅ ብለው ይቁሙ። ጂፒኤስ እየፈለገ መሆኑን የሚናገረው ጽሑፍ እስኪጠፋ ወይም መገኘቱን እስኪናገር ይጠብቁ። ከተገኘም በኋላ 30 ሴኮንድ ይጨምሩ፤ መጀመሪያ የሚይዘው ቦታ ግምታዊ ነው፣ ተጨማሪ ሳተላይት ሲያገኝ ይጠራል። ይህን ጊዜ እግርዎን ያሟሙቁበት።
3. «ስታርት» ይበሉ። የሰዓቱ ቁጥር መንቀሳቀሱን በዓይንዎ ይዩ።
4. ስክሪኑን በፓወር ቁልፉ ያጥፉ። ስክሪኑ በርቶ ኪስ ከገባ ላብ የነካው ጨርቅ ቁልፎቹን ይነካካል፣ መሃል ላይ ሩጫው ቆሞ ያገኙታል።
5. ሲጨርሱ «ስቶፕ»፣ ከዚያ «ፊኒሽ»፣ በመጨረሻም «ሴቭ» ይበሉ። «ስቶፕ» ብቻ ነክቶ ስልኩን ኪስ መክተት ሩጫውን አያስቀምጠውም።

ስልኩ ወገብ ላይ በሚታሰር የሩጫ ቀበቶ፣ ከኋላ በኩል፣ ጀርባ ላይ ቢሆን ከሁሉ ይሻላል። አይንቀጠቀጥም፣ ሰማዩንም ከሆድ በኩል የተሻለ ያያል። ክንድ ላይ የሚታሰረው ይሠራል፣ ግን ክንዱ በተወዛወዘ ቁጥር ሰውነት ምልክቱን ይከልላል። እጅ ላይ ይዞ መሮጥ ትከሻን ያወጥራል፣ ለሌባም ያመቻል። በክረምት ስልኩን በስስ ላስቲክ ጠቅልለው ይያዙ፤ ላስቲክ ምልክት አያግድም። አሉሚኒየም ፎይል ወይም ብረት ያለበት ከረጢት ግን ያግዳል።

እንደ ቦታው የሚለያየው

መስቀል አደባባይ ደረጃዎቹ ላይ ከዳር እስከ ዳር እየተመላለሱ አንድ አንድ ደረጃ መውጣት የታወቀ ልምምድ ነው። ለስልክ ግን ከባድ ፈተና ነው። በአንዱ ደረጃና በሚቀጥለው መካከል ያለው ርቀት ጂፒኤሱ ከሚስተው ያነሰ ስለሆነ ካርታው ላይ የሚወጣው የተወሳሰበ የክር ጥቅልል ይመስላል። ዳር ላይ ዞረው ሲመለሱ አፑ መታጠፊያውን ቆርጦ ያልፋል፣ ርቀቱም ያንሳል። እዚያ ርቀቱን ትተው የቆዩበትን ደቂቃና የተመላለሱበትን ብዛት ይያዙ። «55 ደቂቃ፣ ሁለት ጊዜ እስከ ላይ» የሚል ማስታወሻ ሩጫው ሥር ቢጽፉ ከአፑ ኪሎ ሜትር የበለጠ እውነት አለው።

እንጦጦ ሁለት ችግር አለው። ባህር ዛፉ፣ በተለይ ቅጠሉ እርጥብ ሲሆን፣ ምልክቱን ያደክመዋል፤ ከፍታውም ፔሱን ያዛባዋል። አዲስ አበባ ላይ የአየር ግፊቱ ከባህር ጠለል ሩብ ያህል ያነሰ ነው፤ 3,000 ሜትር ላይ ደግሞ 30 በመቶ ያህል ያነሰ ነው። ከዋሽንግተን፣ ከቴል አቪቭ ወይም ከዱባይ ለዕረፍት የመጣ ሯጭ እዚያ በ5:30 ይሮጥ የነበረውን አዲስ አበባ ላይ በ6:15 እየሮጠ ልቡ ያው ሲመታ ቢያገኘው አቅሙ ወርዶ አይደለም። አፑ ከፍታውን አስልቶ ፔሱን አያስተካክልልዎትም። ስለዚህ የውጭውን ሩጫ ከአዲስ አበባው፣ የሱሉልታውን ከቦሌው ጋር አያወዳድሩ። አንድን መንገድ ከራሱ ጋር ብቻ ያወዳድሩ። እንጦጦ ሳይነጋ ብቻዎን አይውጡ፤ ጅብ ያለበት ጫካ ነው።

መም ላይ ሲሮጡ ስልኩን ለርቀት አይመኑት። ክብ በሆነው ጫፍ ላይ ነጥቦቹ አንዴ ወደ ውስጥ አንዴ ወደ ውጭ ስለሚስቱ 400 ሜትሩ 390ም 415ም ሊሆን ይችላል። መሙ ራሱ ከማንኛውም ስልክ የተሻለ መለኪያ ነው፦ የውስጠኛው መስመር 400 ሜትር ነው፣ ወደ ውጭ አንድ መስመር በወጡ ቁጥር 7.7 ሜትር ያህል ይጨምራል፣ ስምንተኛው 453 ይደርሳል። የስልኩን ስቶፕዎች ከፍተው በየዙሩ «ላፕ» ይበሉ። ዙሩን በ1:36 ከጨረሱ ፔስዎ በኪሎ ሜትር 4:00 ነው፤ የዙሩን ሴኮንድ በ2.5 ማባዛት ነው።

ትሬድሚል ላይ ጂፒኤስ ፋይዳ የለውም። ስትራቫ ላይ የመደመር ምልክቱን ነክተው «ማንዋል አክቲቪቲ» ይበሉና ማሽኑ ያሳየዎትን ርቀትና ሰዓት በእጅ ያስገቡ።

የታላቁ ሩጫ ዕለት ደግሞ «ስታርት» የሚነካው ተኩስ ሲሰማ ሳይሆን የመነሻውን መስመር ሲረግጡ ነው፤ በአሥር ሺዎች መካከል ቆመው መስመሩ ጋ ለመድረስ ብቻ ብዙ ደቂቃ ሊወስድ ይችላልና። መጨረሻ ላይ አፑ 10.2 ቢል ውድድሩ ረዝሞ አይደለም። የጎዳና ውድድር የሚለካው መታጠፊያዎቹን አጭሩን መስመር ይዞ ነው፤ እርስዎ ግን ሰው እያለፉ፣ ወደ ዳር እየወጡ፣ ውሃ ለመውሰድ እየታጠፉ ስለሮጡ ትርፍ ሄደዋል። የጂፒኤሱም ስህተት ይጨመርበታል። ኔትወርኩ ስለሚጨናነቅ እዚያው ለመጫን አይታገሉ፣ ሩጫው ስልኩ ላይ ተቀምጧል።

ሲበላሽ

«ፊኒሽ» ሳይሉ ሚኒባስ ተሳፍረው ቤት የደረሱ ከሆነ መዝገቡ ላይ በ1:30 ፔስ የተሮጡ ኪሎ ሜትሮች ይኖራሉ። ስትራቫን በኮምፒውተር ብሮውዘር ይክፈቱ፣ ሩጫው ገጽ ላይ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ነክተው «ክሮፕ» ይበሉና መጨረሻውን ሩጫው ወደቆመበት ይመልሱት። ዛሬ ነገ ሳይሉ ያስተካክሉት፤ በዚያ መንገድ ላይ የሮጡ ሌሎች ሰዎችን የደረጃ ሰንጠረዥ ያበላሻልና።

ሩጫው «ፔንዲንግ» ብሎ አልጫን ካለ ኢንተርኔት እስኪያገኙ ይተዉት። ከአካውንቱ አይውጡ፣ አፑን አያጥፉት፣ ዳታውንም አያጽዱት። ያልተጫነው ሩጫ ያለው ስልኩ ላይ ብቻ ስለሆነ ከእነዚህ አንዱን ካደረጉ አብሮ ይጠፋል። ብዙ ሩጫ የሚጠፋው «አፑን አጥፍቼ ልጫነው» በሚባልበት ጊዜ ነው።

ስልኩ መሃል ላይ ባትሪ ጨርሶ ከጠፋ፣ ሲያበሩት አፑን ከፍተው እስከዚያ የተመዘገበው ካለ «ሴቭ» ይበሉ፤ የቀረውን በማስታወሻ ይጻፉ።

የትኛውን ቁጥር ማመን?

ስክሪኑ ላይ በየሴኮንዱ የሚለዋወጠው ፔስ ከሁሉም የባሰ ነው። ጥቂት ሜትር በጥቂት ሴኮንድ ተካፍሎ የሚወጣ ስለሆነ የ5 ሜትር ስህተት እንኳ ከ5:00 ወደ 6:30 ያዘልለዋል። እሱን እያዩ ፍጥነት መጨመርና መቀነስ ትንፋሽ ያዛባል። የሙሉ ኪሎ ሜትሩን ሰዓት ይያዙ፤ በጆሮዎ የሚነገርዎት እሱ ነው።

አጠቃላይ አማካዩም የራሱ ወጥመድ አለው። 10 ኪሎ ሜትር መሆኑ በተረጋገጠ መንገድ ላይ በ55 ደቂቃ ገቡ እንበል፤ እውነተኛ ፔስዎ 5:30 ነው። አፑ ግን 10.2 ብሎ ቆጥሮ ከሆነ 5:23 ይልዎታል። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም ይህን 5:23 ይዘው ለግማሽ ማራቶን ሲያቅዱ 21.1 ኪሎ ሜትር ላይ ከሁለት ደቂቃ በላይ ተሳስተዋል፤ የመጨረሻዎቹ ኪሎ ሜትሮች ላይ ያስከፍልዎታል። ስልክዎ በምን ያህል እንደሚያበዛ ለማወቅ አንድ ቀጥ ያለ፣ ሰማዩ ክፍት የሆነ መንገድ ይምረጡ። ጉግል ማፕስ ላይ መነሻውን ጫን ብለው ይዘው «ሜዠር ዲስታንስ» በሚለው ርቀቱን ይለኩ፣ ከዚያ በተለያየ ቀን ሦስት ጊዜ ሮጠው ያወዳድሩ። ሁልጊዜ በ2 በመቶ የሚያበዛ ስልክ የታወቀ ጠባይ ያለው መለኪያ ነው፣ ይሠራል። አንዴ የሚያበዛ አንዴ የሚያሳንስ ከሆነ ወደ ባትሪና ወደ «ፕሪሳይስ ሎኬሽን» ይመለሱ።

«ሙቪንግ ታይም» እና «ኢላፕስድ ታይም» የሚሉትን አያምታቱ። የመጀመሪያው የቆሙበትን ይቀንሳል፣ ሁለተኛው ከ«ስታርት» እስከ «ፊኒሽ» ያለውን ሁሉ ይይዛል። ውድድር የሚያውቀው ሁለተኛውን ብቻ ነው።

የወጡት ዳገት ሜትር ድምርም በጥርጣሬ ይታይ። ጂፒኤስ በከፍታ ላይ ከአግድሙ የበለጠ ይስታል። የአየር ግፊት የሚለካ ባሮሜትር ያለው ስልክ የተሻለ ነው፤ ከሌለው ስትራቫ ከፍታውን ከራሱ ካርታ ይወስዳል።

የልብ ምት መያዝ ከፈለጉ በብሉቱዝ የሚገናኝ የደረት ቀበቶ ይጠቀሙ። ከማሰርዎ በፊት ቆዳ የሚነካውን ክፍል በውሃ ያርጥቡት። ደረቅ ሆኖ ከታሰረ ላብ እስኪመጣ ድረስ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች 200 እያለ ያሳይዎታል። ከእጅ አንጓ ላይ በብርሃን የሚለኩት ሰዓቶች ደግሞ ላላ ብለው ከታሰሩ የልብን ምት ትተው የእግርን ምት ሊቆጥሩ ይችላሉ። ሶምሶማ ላይ እያሉ ቁጥሩ 170 ላይ ተተክሎ አልነቃነቅ ካለ ይህን ይጠርጥሩ፣ ከአንጓው አጥንት ከፍ አድርገው ጠበቅ ያድርጉት። ከፍተኛውን የልብ ምት ለመገመት ዕድሜን በ0.7 አባዝቶ ከ208 መቀነስ ይቻላል፤ የ40 ዓመት ሰው 180 ይወጣለታል። ግምት ስለሆነ ከሰው ሰው ከ10 ምት በላይ ይለያያል። ቀላል ሩጫ ላይ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ማውራት መቻልዎ ከቀመሩ ይልቅ ይታመናል።

ሳምንቱን መዝጋት

ስትራቫ ሳምንቱን ሰኞ ይጀምራል፤ የእሑዱ ረጅም ሩጫ የሳምንቱ መዝጊያ ይሆናል ማለት ነው። ሰዓቱን እንደ ስልኩ ስለሚጽፍ ጠዋት 12 ሰዓት የሮጡትን 6:00 ብሎ ያስቀምጠዋል፣ ርዕሱንም በራሱ «ሞርኒንግ ረን» ይለዋል። ርዕሱን ይቀይሩት። «ሰንዳፋ አስፋልት፣ ቀላል» ወይም «ጃን ሜዳ፣ 6 ፈጣን ዙር» ብለው ከጻፉ ከሦስት ወር በኋላ ፈልገው ያገኙታል፤ መቶ «ሞርኒንግ ረን» ውስጥ ግን ምንም አይገኝም። ማስታወሻው ላይ ሁለት ነገር ብቻ ይበቃል፦ ድካሙ ከ10 ስንት እንደነበረና የሚያም ነገር ካለ የትኛው እግር ላይ እንደሆነ። ጉልበት መታመም ሲጀምር ወደ ኋላ ተመልሰው የሳምንቱ ኪሎ ሜትር መቼ እንደዘለለ፣ ሕመሙ መጀመሪያ የተጻፈው የት መንገድ ላይ እንደነበር ያገኛሉ፤ ለሐኪሙም የሚያሳዩት ነገር ይኖርዎታል።

በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ መዝገቡን ያውጡ። በብሮውዘር በገቡበት አካውንት ሴቲንግ ውስጥ መረጃዎን በሙሉ የሚያወርዱበት ቦታ አለ፤ አንድ ሩጫ ብቻ ከፈለጉ ደግሞ በሩጫው ገጽ ላይ ባሉት ሦስት ነጥቦች «ኤክስፖርት ጂፒኤክስ» ይበሉ። የጂፒኤክስ ፋይልን ሌሎች የሩጫ አፖችም ስለሚያነቡት፣ ስልክ ቢጠፋ ወይም አካውንት ቢዘጋ የሮጡት አብሮ አይጠፋም።